ቁልፉ በማን እጅ ነበር?

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ ተራ ዕቃ ነው፤ ስለ በር ቁልፍ። ገበያ ወጥተን ስንገዛው ዋጋውን እንጠይቃለን እንጂ ሆዱን ከፍተን አናየውም። ማታ ግን ቤተሰቡ ሁሉ እርሱን አምኖ ይተኛል። በዚህ ዕቃ ምክንያት በቤታችን ውስጥ በደል ተፈጽሟል፤ በዳዩ ሌባ ብቻ አልነበረም፣ እኛም ነበርንበት። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመነታን። በመጨረሻ ግን ዘመድ የሚያስጠጋ፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሰው ልጅ የሚያሳድግ ቤት ሁሉ ቢሰማው ይሻላል ብለን ቆረጥን።

የምንኖረው ላሊበላ ነው። በከተማዋ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሒሳብ እናስተምራለን፤ ከዐሥር ሰላት በኋላ ደግሞ ሕፃናትን ቁርኣን እናስቀራለን። በላስታ ሙስሊሙ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ግራና ቀኝ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፤ ቡናውም ለቅሶውም የጋራ ነው።

ልጆች ሳለን ክረምቱን የምናሳልፈው ገጠር አያታችን ዘንድ ነበር። ቤቷ ላስታ የሚታወቅበት ዓይነት ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ባለ ሁለት ደርብ፣ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው። በሩ በመጥረቢያ የተጠረበ የወይራ ሳንቃ ነበር። ሌሊት ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይሸጎራል፤ ቀን ሰው ሁሉ እርሻ ሲወርድ ደግሞ አንድ በትር በበሩ ላይ ይጋደማል። በትሩ ማንንም አያግድም፤ "የቤቱ ሰዎች የሉም" ብሎ የሚናገር ምልክት ነው እንጂ። አያታችን ያላት የብረት ቁልፍ የሳጥኗ ጓጉንቸር ብቻ ነበር፤ መክፈቻውንም በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዘው ነበር። (አማርኛችን በሩ ላይ ላለውም በእጅ ለሚያዘውም "ቁልፍ" ስለሚል ግራ እንዳያጋባችሁ፣ እዚህ በበሩ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ በእጅ የሚያዘውን መክፈቻ እንለዋለን።)

ይህን ስንል ያለፈው ዘመን ሌባ አልነበረውም ለማለት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰርቆ ከተማው ሁሉ ሲያለቅስ እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ ቤተሰቦቻችንም ከጎረቤቶቻቸው ጋር አብረው አዝነዋል። መስቀሉ ከአገር ወጥቶ ቤልጅየም ድረስ ከተወሰደ በኋላ ተገኝቶ ተመልሷል። ከዚያ ጊዜ በጆሯችን የቀረው ግን ትልልቆቹ በየመንገዱ ሲጠያየቁት የነበረው ነገር ነው፦ "ቁልፉ በማን እጅ ነበር?" ከተዘጋ ቤት ዕቃ ሲጠፋ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። እኛም ከዓመታት በኋላ ጠየቅነው፤ ያውም በገዛ ቤታችን።

በ2010 ዓ.ም. ሁለት ክፍል ቤት ሠራን። በሩ ላሜራ ነው። ቁልፉን ከከተማችን መደብር ገዛን፤ የሚያብለጨልጭ፣ እጀታው ወርቅ የሚመስል፣ ካርቶኑ ላይ በላቲን ፊደል ብዙ ነገር የተጻፈበት ነበር። ሦስት መክፈቻ ነበረው። አንዱን እኛ ያዝን፤ ሁለተኛውን የልጆቻችን እናት ያዘች፤ ሦስተኛውን ለእህታችን ልጅ ሰጠነው። ልጁ እናቱ ሞታበት ከገጠር ያመጣነው፣ ያኔ 9ኛ ክፍል የሚማር፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ስሙን አንጠቅስም።

በ2011 ዓ.ም. ለመስጊዱ ጣሪያ ጥገና ከጀመዓው የተሰበሰበ ስድስት ሺህ ብር እኛ ዘንድ በአደራ ተቀመጠ። አንድ ማክሰኞ ቤት ሰው ባልነበረበት ሰዓት ገንዘቡ ከሳጥኑ ጠፋ። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነበር። ታዲያ ምን እንበል? መክፈቻው ሦስት ነው፤ ሁለቱ በእኛ እጅ ናቸው። የሒሳብ መምህር ነን፤ ከሦስት ሁለት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም።

አልመታነውም። "ሌባ" የሚል ቃልም ከአፋችን አልወጣም። ያደረግነው ከዚያ የከፋ ነበር፤ በየቀኑ ያንኑ ጥያቄ በተለያየ መንገድ ጠየቅነው። "መክፈቻህን ለማን ሰጥተህ ነበር?" "ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስንት ሰዓት ነበር?" ወላሂ አልወሰድኩም አለ። ደግሞ እንዲምል አደረግነው። ምግብ ሲቀርብ ዝም ማለት ጀመርን፤ የሳጥኑንም ቦታ ቀየርን፤ ሲቀየርም አየ። በሦስተኛው ሳምንት ለሱብሒ ስንነሣ ፍራሹ ተጠቅልሎ ነበር። መክፈቻው በሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ትምህርቱንም በዚያው ተወ። ቆይቶ ወልዲያ እህል በረንዳ እንደሚሸከም ሰማን። መሄዱን ደግሞ እንደ ማስረጃ ቆጠርነው፤ "ንጹሕ ቢሆን ለምን ይሄዳል?" አልን። የመስጊዱን ገንዘብ ከደመወዛችን እየቆረጥን ተካን፤ ሰውም አመሰገነን።

ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ሲይዙ በራችንን ቆልፈን፣ ልጆቹን ይዘን፣ ገጠር ወደ ዘመዶቻችን ሄድን። መብራትም ስልክም አልነበረም። ከተማዋ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ ከሩቅ ወሬ ብቻ ነበር የምንሰማው። ተረጋጋ ሲባል ተመለስን። ልጆቹ ደክሟቸዋል፤ እኛም ደጃፋችን ቆመን ኪሳችንን ስንፈትሽ መክፈቻው የለም፤ የልጆቻችን እናትም የእርሷን ከጓዟ ጋር ጥላዋለች። መንገድ ላይ ወንዝ ስንሻገር የወደቀ ይመስለናል። በሩ ሳይሰበር መቆየቱ ተአምር ነበርና እኛው ልንሰብረው ልባችን እምቢ አለ።

ጎረቤታችን አሮጊት እናታቸውን ጥለው መሄድ ስላልቻሉ እዚያው የከረሙ ሴት ናቸው። ዐቅፈው ስመው፣ አልቅሰው፣ ውኃ ካጠጡን በኋላ እንደ ቀልድ፣ "እስቲ የእኔን ሞክሩት፤ መቼም ከአንድ ሱቅ ነው የገዛነው" አሉ። አስገባነው። ምንም ሳያንገራግር ዞረ፤ በሩ ተከፈተ።

"ወይ ጉድ!" ብለው አጨበጨቡ። "እስከ ዛሬ የናንተንም ቤት የያዝኩት እኔ ነኛ!" ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን፤ አልሐምዱ ሊላህ ብለን ገባን። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን የልጆቻችን እናት በጨለማው ውስጥ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፣ "እንዲያ ከሆነ ያንን ልጅ በምን አወቅነው?" አለች።

መልስ አልነበረንም። እስከ ንጋት አልተኛንም።

የጎረቤታችንን ነገር እንዳታጣምሙት እናስጠነቅቃለን። እርሳቸውን የጠረጠርናቸው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይደለም፤ መክፈቻቸው በራችንን እንደሚከፍት እርሳቸውም ያወቁት ከእኛ ጋር ነው። ነገሩ ከእርሳቸው የሰፋ ነበር። ከዚያ ሱቅ ያንን ቁልፍ የገዛ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የቤታችን መክፈቻ በኪሱ ይዞ ኖሯል።

በማግስቱ ቁልፉን ከበሩ ነቅለን የቅዳሜ ገበያው ዳር ወደሚቀመጡት ቁልፍ ቀራጭ ወሰድነው። ሽማግሌው ሙያውን የለመዱት ደሴ ነው። መደብራቸው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ አንዲት ትንሽ ሞርሳ፣ ጥቂት ሞረዶችና ካቻቪቴዎች፣ እንዲሁም ያልተቀረጹ መክፈቻዎች የተሰካኩበት የሽቦ ቀለበት ነው። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራሉ፤ መክፈቻ የሚቀርጹት በዐይናቸውና በሞረዳቸው ነው። ልጅ ብቻውን መክፈቻ ይዞ ከመጣ "ማን ላከህ?" ብለው ይመልሱታል። በሳሙና ላይ የታተመ የመክፈቻ ቅርጽ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ አባረውታል።

ቁልፉን በእጃቸው ገና ሲመዝኑት "ቀሎኛል" አሉ። ሊፈቱት ፈለጉ፤ ቡሎን የለውም፤ ተጨፍልቆ የተዘጋ ነው። በብረት መጋዝ ቆረጡት። ቢጫው ቅብ ተገፎ ከሥሩ አመድማ ብረት ወጣ። "አያችሁ? የድሮው ብትፍቁት ብትፍቁት ቢጫ ነው፤ ነሐስ ስለሆነ። ይህ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ዚንክ ነው።" ዚንክ ርካሽ ነው፤ ቀልጦ በቀላሉ ይፈስሳል፤ ነሐስ ግን አብዛኛው መዳብ ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። ልዩነቱ ሥራ ላይ ሲውል ይታያል፤ ዚንኩ በመክፈቻው ፍትጊያ ይበላል፤ ሲበላም ልቅ ይሆናል።

ከዚያ የቁልፉን ልብ አሳዩን። ነገሩ ቀላል ነው። ልቡ አንዲት የምትዞር ድብልብል ነገር ናት። ከላይዋ በተርታ ጉድጓዶች ተበስተዋል፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ ዘንግ አለች፤ ፒን ይሏታል፤ ከላይ በሞላ ወደ ታች ትገፋለች። መክፈቻው ሲገባ ጥርሶቹ ፒኖቹን ያነሣሉ። ሁሉም ፒኖች የተከፈሉበት ቦታ በአንድ መስመር ላይ ከዋለ ልቡ ይዞራል፤ አንዱ እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም። በእኛ ቁልፍ ውስጥ አምስት ጉድጓድ ነበር። ፒን ያለው ሦስቱ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱ ባዶ ናቸው።

"ከበሱት ወዲያ ለምን አልሞሉትም?" አልናቸው።

"መብሳቱን መኪና ይበሳዋል። ፒንና ሞላ ግን ገንዘብ ነዋ፣ መምህር" አሉ።

ሒሳቡን እዚያው ሠራነው። አምስት ፒን ያለው ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ፒን ስድስት ዓይነት ቁመት ሊኖረው ቢችል፣ 7,776 ዓይነት መክፈቻ ይወጣለታል። ሦስት ፒን ያለው፣ እያንዳንዱም አራት ዓይነት ቁመት ብቻ ቢኖረው፣ 64 ነው። ልቡ ልቅ ሆኖ "ተቀራራቢውን" መክፈቻም የሚቀበል ከሆነ ደግሞ 64ቱም አይሞላም። አንድ ሱቅ በዓመት ስንት ቁልፍ ይሸጣል? ስንቱ ሰው የጎረቤቱን በር በኪሱ ይዞ ይዞራል?

ሽማግሌው የራሳቸውም ብሶት ነበራቸው፤ ሳናቋርጣቸው ሰማናቸው። በፊት፣ አሉ፣ የጣሊያኑ ቁልፍ ልቡ ሲሞት ልቡ ብቻ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፤ መጠኑ አንድ ነው። ሞላው ሲሰበር የእስክሪብቶ ሞላ ቆርጠው ይተኩት ነበር። የሞተ ቁልፍ አይጣልም፤ ፒኑም ምላሱም ለሌላው መድኃኒት ነው። አሁን ግን በየጭነቱ መጠኑ ይለወጣል። ትናንት የተገዛው ሲበላሽ ዛሬ የመጣው በዚያው ቀዳዳ አይገባም፤ ላሜራው እንደገና ተቆርጦ በብየዳ ይሞላል፤ ለብየዳ መብራት ይጠበቃል። ያልተቀረጸ መክፈቻ በፊት አራት አምስት ዓይነት ይዘው ሁሉንም ያስተናግዱ ነበር፤ አሁን በሽቦው ላይ ከሠላሳ በላይ አለ፤ ግን የሚፈለገው የለም። "ሙያዬ መጠገን ነበር፤ አሁን የተጣበቀ ቁልፍ በመጋዝ መቁረጥ ሆነ። ለዚህ ደግሞ እኔ አላስፈልግም፤ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ይበቃል" አሉ።

ይህ ፒን የሚሉት ዘዴ የትናንት ነገር አይመስላችሁ። የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ሠርተውታል። ዛሬ የምናውቀውን ትንሽና ጠፍጣፋ መክፈቻ ያለውን ዓይነት አሜሪካዊው ላይነስ ዬል በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሻሽሎ አወጣው፤ "ያሌ ቁልፍ" የምንለው ከርሱ ስም ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1206 (እ.ኤ.አ.) ታላቁ የሙስሊም መሐንዲስ አል-ጀዘሪ ስለ መሣሪያዎች በጻፈው ኪታብ ውስጥ ያለ መክፈቻ፣ ፊደል የተቀረጸባቸውን አራት ክቦች በማዞር የሚከፈት የሣጥን ቁልፍ አሠራር አስቀምጧል። በመድረሳ ይህን ማንም አልነገረን፤ በቀለም ትምህርት ቤትም አልነገሩን። እኛ ግን ለተማሪዎቻችን ነገርናቸው፤ በዚያም ሌላ ጣጣ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፐርሙቴሽን የሚባለውን ትምህርት ስናስተምር ሰሌዳው ላይ ከምናሰላው በዐይናቸው ቢያዩት ብለን ከጎረቤታችን ጋር የአንድ ካርቶን ልጅ የሆነ ሌላ ቁልፍ ከሱቁ ገዝተን ክፍል ይዘን ገባን። "የቤታችሁን መክፈቻ የያዛችሁ ሞክሩት" አልን። ሁለቱ ከፈቱት። ክፍሉ ተናጋ። በዚያው ቀን ማታ አንድ የተከበሩ አባት ቤታችን ድረስ መጥተው ተቆጡን። "ሌብነት ነው እንዴ የምታስተምሩት? አሁን እያንዳንዱ ልጅ የጎረቤቱን በር ሲሞክር ሊያድር ነው!"

ቁጣቸው ተገቢ ነበር፤ ልጆቹን አስቀድመን ማስጠንቀቅ ነበረብን። ነገር ግን ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1851 (እ.ኤ.አ.) በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣ። በከተማዋ የብራማ መደብር መስኮት ላይ ለአሥርት ዓመታት የተቀመጠ ቁልፍ ነበር፤ ያለ መክፈቻ ለከፈተው 200 ጊኒ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ነበረው። ሆብስ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው። እንግሊዞች ተቆጡ፤ "ሌቦችን አስተማርክ" አሉት። የእርሱ ወገኖች መልስ ሌቦቹ ሥራቸውን ድሮም ያውቁታል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው የሚል ነበር። ለእኚያ አባት ይህን ነገርናቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "የእኔስ ስንት ፒን አለው?" አሉ። አብረን ሄደን አየን። የእርሳቸው አራት ነበር።

ከዚያ ወደ ባለ ሱቁ ሄድን። ወንድማችን ነው፤ በአንድ ሶፍ የምንሰግድ። ስሙንም ሱቁንም አንናገርም፤ የቁልፉንም ስም አንጽፍም፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም የሠሪው ይሁን የአስመሳዩ የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም። "እኔ ከወልዲያ ያመጣሁት ነው፤ ወልዲያ ከመርካቶ፤ መርካቶ ከየት እንደሚያመጣው አላህ ይወቅ" አለ። አልዋሸም። ካርቶኑን ከፍተን የአንዱን መክፈቻ በሌላው ሞክር አልነው። አራተኛው ላይ ዞረ። ፊቱ ተለወጠ።

ኪታብ ስንቀራ በቡዩዕ ምዕራፍ የተማርነው ግልጽ ነው፤ ሻጭ የሚያውቀውን ዐይብ ለገዥ መደበቅ አይፈቀድለትም፤ ተደብቆ ከተገኘም ገዥው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። እስከዚያች ደቂቃ ወንድማችን አያውቅም ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ያውቃል። የመንግሥትም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ይጠቅማል፤ ከመካከላችን ቁልፍ ሲገዛ ደረሰኝ የሚቀበል ማን ነው? ደግሞስ የቁልፉ ዐይብ በ15 ቀን ይታወቃል? የእኛ በአራተኛ ዓመቱ ነው የታወቀው።

ካርቶኑን አልመለሰም፤ የመኪናው ዋጋ ከቁልፉ ይበልጥበታል። አልጣለውምም። አሁን "ይህ ለጓዳ በር ነው፤ ለውጭ በር አይሆንም" እያለ በርካሽ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ሰው ግን ርካሽነቱን ሰምቶ ለውጭ በር ይገዛዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ነሐሱን ቁልፍ ግዙ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ግን ከዳቦና ከነሐስ የቱን ይግዛ?

ስለዚህ ሽማግሌው የነገሩንን፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን እንንገራችሁ። ቁልፍ ስትገዙ ሁለት አስወጡ፤ የአንዱን መክፈቻ በሌላው ሞክሩ፤ ሂሳብ ሳትከፍሉ። መክፈቻውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ጥርሱን ቁጠሩ፤ አምስትና ከዚያ በላይ የተቆረጠ ከሆነ መልካም፤ ሦስት ከሆነ አስቀምጡት። ከሱቅ በቡሎን የሚፈታውን ምረጡ፤ ሊጠገን የሚችለው እርሱ ነው። የቁልፉ ልብ ከበሩ ወደ ውጭ ቀርቶ ጣት ያህል ቢወጣ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል፤ ከላሜራው ጋር እኩል እንዲሆን አድርጋችሁ አስገጥሙ። ደግሞም አሮጌ በር ሲፈርስ የነሐስ ቁልፉን ከፍርስራሹ ጋር አትጣሉት። እኛ ዛሬ በራችን ላይ ያለው ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጣሊያን ቁልፍ ነው። ሽማግሌው አጥበው፣ ሞላውን ለውጠው፣ አምስቱን ፒን ከየሞተው ቁልፍ ለቅመው ገጠሙት። የጎረቤታችንንም ባዶ ጉድጓዶች ሞሉላቸው። ከዚያ ሁለቱን መክፈቻ ተለዋውጠን ሞከርን፤ አልከፈተም። እርሳቸውም "እንግዲህ ተለያየን" ብለው ሳቁ።

የገንዘቡ ሌባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጁ አለመውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ አገኘን ብለን አንዋሽም፤ ያገኘነው እርሱን ለመጠርጠር የነበረን ማስረጃ ከቶ ማስረጃ እንዳልነበረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሁለታችንም ወልዲያ ሄድን። እህል በረንዳ ጠይቀን አገኘነው። ትከሻው ሰፍቷል፤ ጢም አብቅሏል። ሻይ ቤት ተቀምጠን የሆነውን ሁሉ ነገርነው፤ ስለ ጎረቤታችን መክፈቻ፣ ስለ ባዶዎቹ ጉድጓዶች፣ ስለ 64ቱ። የሒሳቡን ስንነግረው እንደ ሰሌዳ ፊት ሆነን መናገራችን አሳፈረን፤ አቋረጥን። የልጆቻችን እናት "አውፍ በለን" አለች። ብርጭቆውን እያዞረ ብዙ ቆየ። አውፍ ብያለሁ አለ፤ በዐይኑ ግን አላየንም። "እኔ እኮ አንዳንዴ ምናልባት ረስቼ በሩን ሳልቆልፍ ሄጄ ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነበር" አለ።

ወደ ትምህርት ተመለስ አልነው፤ አሁን በማታ ይማራል። ለዒድ መጣ፤ ልጆቹ ጮኸው ተጠመጠሙበት። የአዲሱን ቁልፍ መክፈቻ ከሽማግሌው ሦስት አስቀርጸን ነበር። ሲሄድ ሦስተኛውን አውጥተን ዘረጋንለት። አየው፤ አልተቀበለንም።

"ግዴለም አጎቴ፣ ስመጣ አንኳኳለሁ" አለ።